ከባልዲው አንድ ሰው በላይ

የያዙኝ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ጨዋዎች ነበሩ። አንደኛው «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። ስላመንኩት ጃኬቴን ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ትቼው ወጣሁ። የተያዝኩት በለጠፍኩት አንድ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ ዛሬ ሳነበው ይህን ያህል የሚያስቆጣ አይመስለኝም፤ ያን ጊዜም አልመሰለኝም ነበር። ከፒያሳ ብዙም ወደማይርቅ አሮጌ ግቢ ወሰዱኝ። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ፈትቼ ሳስረክብ ጣቶቼ ላይ ገና የጠመኔ ብናኝ ነበር።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ፈገግታ ነው። በሩ ሥር፣ አፉ በፌስታል ከታሰረ ሰማያዊ ባልዲ ጎን የተቀመጠ ወጣት፣ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ይመስል ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ፍራሹን ጠቅልሎ አንድ ሰው ያህል ወደ ውስጥ ተጠጋ። ባዶ የቀረችው ቦታ የእኔ መሆኗ ነው። የባልዲውን ጥቅም ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሽታው ነገረኝ።

ክፍሏ ጠባብና ረጅም ነበረች። ድሮ የዕቃ ማከማቻ ሳትሆን አትቀርም። በአንደኛው ጫፍ በሩና ባልዲው፣ በሌላኛው ጫፍ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነች አንዲት መስኮት። አየር የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። ከመስኮቷ ማዶ የታክሲ ረዳቶች «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ትምህርት ቤቴ አራት ኪሎ አካባቢ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ሥራ የሚጠሩኝ ይመስለኝ ነበር።

መስኮቷ ሥር፣ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ፍራሾች ሁሉ በወፈረው ላይ፣ ካቦው ተቀምጧል። ካቦ ማለት የክፍሉ አለቃ ነው። ከእስረኞቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሚያከፋፍለው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። ይሄኛው ቴዎድሮስ አደባባይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። በምን እንደታሰረ ሲጠየቅ «ተራ በማስከበር» ብሎ ይመልሳል።

«ሥራ?» አለኝ ከቦታው ሳይነሳ።

«መምህር ነኝ።»

«ምን ታስተምራለህ?»

«ሥነ ዜጋ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «አይዞህ ቲቸር» አለ ካቦው። «እዚህ ያለነው ሁላችንም በሥነ ዜጋ የወደቅን ነን።» ከዚያ ሕጉን አስረዳኝ። «ይቺ ክፍል ሚኒባስ ናት። እኔ ያለሁበት ጋቢና ነው። ቀጥሎ ሞተር ላይ፣ ከዚያ መሀል ወንበር፣ ከዚያ የኋላ ወንበር። አንተ ያለህበት ደግሞ ፖርቶመጋላ ነው፤ ከዕቃ ጋር ትጫናለህ።» ባልዲውን በአገጩ አሳየኝ። «አዲስ ሰው ሲመጣ ፖርቶመጋላው የእሱ ነው። ሰው ሲፈታ ሁሉም አንድ አንድ ወደፊት ይጠጋል። ጥያቄ አለህ?»

«ጋቢናውስ በምን ይያዛል?»

«ሹፌር ይወርዳል እንዴ ቲቸር?»

እንደገና ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ የሚቀጥለውን ነገር አንድ ክፉ ሰው የፈጠረው እንዳይመስል ነው። ውኃ ሲያከፋፍል አያዳላም። ሰው ሲታመም በሩን የሚደበድበው እሱ ነው። ነገር ግን ያስቀየመውን ሰው በአንድ ቃል ወደ ባልዲው ያወርዳል፤ ደስ ያሰኘውን ወደ መስኮቱ ያወጣል። ስለዚህ ሰዎቹ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት የእሱን ፊት ነበር። በፖለቲካ አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው ሁለት ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። የአንዱ ጀግና ለሌላው ከሃዲ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይስማሙ ነበር፤ ካቦው ዛሬ እንዴት አደረ በሚለው።

በፈገግታ የተቀበለኝ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። የተያዘው በአንድ ስብሰባ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ «ለማንም አልገዛም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሶ። ካናቴራውን እስር ቤትም ውስጥ አላወለቀውም፤ ቅያሪ አልነበረውም። እኔ በመምጣቴ ከባልዲው አንድ ሰው በላይ ሆኗል፤ ያችን አንድ ሰው የምታህል ርቀት የሚጠብቃት ደግሞ እንደ ርስት ነው። እግሬ ከፍራሼ ካለፈ «ቲቸር፣ መስመር» ይለኛል። አንድ ሰው ካቦው ሳያየው ውኃ ከደገመ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም።

«ይህን ሁሉ ለምን ትጠብቃለህ?» አልኩት አንድ ጠዋት።

ጥያቄው አላስከፋውም። «አባቴ ቤት ሲገባ ሬዲዮ ይጠፋል» አለኝ። «ሁላችንም እንነሳለን። እሱ ሳይቀመጥ አንቀመጥም። ቀና ብሎ አይቶኝ በራሱ ምልክት ከሰጠኝ ያን ቀን ንጉሥ ነኝ።»

«ካላየህስ?»

«ታናሼን እመታዋለሁ» አለና ሳቀ። «ጥሩ ነበር እኮ ቲቸር። ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር።»

ጥቂት ቀናት ቆይቶ በሩ ሲከፈት በኋላ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ገቡ። እኔም ፍራሼን ጠቅልዬ አንድ ሰው ያህል ተጠጋሁ፤ ያን ቀንም ከሰዓት በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጋሼ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር የመጡ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፖሊሶቹ ልጃቸውን ሊይዙ መጥተው ልጁን ሲያጡ እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ይህን ሲነግሩን በማዘን አልነበረም፤ «እኔን ማግኘት ይቀላል፣ ከቤት አልወጣም» ነው ያሉት። አስም ነበረባቸው። አፋቸው ውስጥ የሚነፏት መድኃኒት ተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ሲብስባቸው ይንኳኳል፣ ትመጣለች። ተረኛው በቦታው ከሌለ አትመጣም። ባልዲው አጠገብ ሲቀመጡ ትንፋሻቸው በቀጭን ፉጨት ነበር የሚወጣው። ከዚያች መስኮት ሥር ያለው አየር ለእኛ ምቾት ነው፤ ለእሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር።

መምህር ነኝና አንድ ችግር ሳይ መፍትሔውን አዘጋጅቼ፣ ምሳሌ ጨምሬ ማስረዳት ይቀናኛል። ከምሳ በኋላ ተነስቼ ቆምኩ። «ቅርጫ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አልኳቸው። «በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው ይመደባል። አንዱ መደብ ከሌላው እኩል እንዲሆን ይሞከራል እንጂ ፍጹም እኩል አይሆንም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣል፤ እንጨት ይሁን፣ ቅጠል ይሁን። ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው ምልክቶቹን ተቀብሎ በየመደቡ ላይ ይጥላል። የደረሰህን ትወስዳለህ። ማንንም አታመሰግንም፣ በማንም አታኮርፍም። የመኝታ ቦታችንንም በየሳምንቱ እንዲህ በዕጣ ብናደርገው?»

በልቤ ነገሩን አስልቼዋለሁ። ጥሩ ቦታ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። በባልዲው ሽታ ውስጥ የሚተኙት ብዙዎች ናቸው። ድምፅ ቢሰጥ ብዙኃኑ ያሸንፋል። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አልኩ።

እኔና ጋሼ ብቻ ነን ያወጣነው።

ካቦው መፋቂያውን አፉ ውስጥ አድርጎ ያየናል። የተናገረው ተመራቂው ነው። «እኔ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ተራዬን ጠብቄ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን በዕጣ ተመልሼ ልውረድ?»

«ወደ መስኮቱም ልትወጣ ትችላለህ» አልኩት።

«ካልወጣሁስ?»

ከመሀል ወንበር አንድ ሰው «ካቦው ይሻላል። ቢያንስ ጠባዩን እናውቀዋለን» አለ። ሌላው ደግሞ «አለቃ ከሌለ እንበላላለን» አለ። የሚገርመኝ፣ ለካቦው ከሁሉም በላይ የተሟገቱለት ከመስኮቱ በጣም የራቁት ነበሩ። ከዚያ ተመራቂው «ሕግ የሚያናጋ ሰው ወደ ፖርቶመጋላ ይውረድ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚህኛው ላይ እጅ በብዛት ወጣ።

ካቦው ትከሻውን ነቀነቀ። «ቲቸር፣ እኔ ምንም አላልኩም። ሕዝቡ ነው።»

ፍራሼን ጠቅልዬ ወረድኩ። ጋሼ በእኔ ቦታ ገቡ። ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የተገኘው ውጤት ይኸው ነው፤ ጋሼ ከባልዲው አንድ ሰው በላይ ሆኑ። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር» አሉኝ። «ሁለተኛ ደግሞ ብታስረዳቸው መሀል ወንበር እገባ ይሆናል።»

በማግስቱ የጽዳት ቀን ነበር። ወለሉ በበረኪና ታጠበ። ሽታው ዓይን ያቃጥል ነበር፤ እኛ ሳልን፣ ጋሼ ግን መተንፈስ አቃታቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው፣ ትከሻቸው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንድ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከንፈራቸው ጠቆረ። ካቦው በሩን በሁለት እጁ ደበደበው። ተረኛው ፖሊስ መድኃኒቷን ይዞ ሲደርስ ሁላችንም ቆመን ነበር። ነፏት፣ ቆዩ፣ እንደገና ነፏት። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀጠነ።

ካቦውን ላብ አጥምቆታል። እውነቱን ነው፣ ደንግጦ ነበር። «ፋዘር፣ ይነሱ» አላቸው። «ጋቢና ይግቡ። ፈቅጃለሁ።»

ሁላችንም መንገድ ለቀቅን። ጋሼ ግን ግድግዳውን ተደግፈው እንደተቀመጡ ቀሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አልመጣም።»

«ለምን?»

ለመመለስ ትንፋሽ ማጠራቀም ነበረባቸው። «ዛሬ አንተ የፈቀድክልኝን ነገ አንተው ትከለክለኛለህ። ከእንግዲህ ፊትህን እያየሁ ልተነፍስ ነው?»

ሰዎቹ ተቆጡ። በካቦው አይደለም፣ በጋሼ። ከሁሉም የባሰው ተመራቂው ነበር። «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ አከበረዎት» አላቸው።

«ክብርማ አለኝ» አሉ ጋሼ። «ያጠረኝ አየር ነው።» ከዚያ ወደ ካቦው ዞሩ። «አንተ ተራ አስከባሪ ነህ አሉ። ሹፌሩ ዘመድህ ቢሆን ከተራው ታስቀድመዋለህ?»

«አላስቀድምም።»

«ለምን?»

«ሌሎቹ ሹፌሮች ይገድሉኛላ።»

«አየህ። እዚህ የሚቆጣህ ስለጠፋ ነው እንግዲህ።»

ካቦው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አገላብጦ አየው። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ለመገመት ሞክሬያለሁ። ምናልባት ስለ ሙያው መጠየቁ ደስ ብሎት ይሆናል፤ ለካስ ከዚያ ክፍል ውጪ በእውነት የሚያኮራ ሥራ ነበረው። ቀስ ብሎ መሳቅ ጀመረና «ቲቸር፣ ያንን ቅርጫህን አምጣው» አለ።

ምልክት ፍለጋ ተጀመረ። ቀበቶና ማሰሪያ የተወሰደበት ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይኖረዋል? ጋሼ ከሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ ቆረጡ። እኔ ከሱሪዬ ኪስ ጥግ የጠመኔ ስባሪ አገኘሁ። ካቦው መፋቂያውን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠ። ይሄኔ የቀሩትም መፈለግ ጀመሩ፤ ትናንት እጃቸውን ያላወጡት ሁሉ ዛሬ ካቦው ስለሰጠ ሰጡ። ይህ በጊዜው አስደስቶኝ ነበር። የመጨረሻው ተመራቂው ነው። ብዙ ቆይቶ ከካናቴራው ጫፍ አንድ ክር መዘዘ።

ግን ፊቱን አዙሮ የሚጥል ሰው አልነበረንም፤ ሁላችንም የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ በሩ ገና ክፍት ሳለ ተረኛውን ፖሊስ ለመንነው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ አነጋገሩ የገጠር ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ምልክቶቹን በመዳፉ ይዞ።

«ቅርጫ ነው» አለው ካቦው።

«ሥጋው የታለ?»

«ሥጋዎቹ እኛ ነን።»

ፖሊሱ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ምልክቶቹን ጨመረበትና ቀላቀላቸው። ከዚያ ሥርዓቱን እንደሚያውቅ ሰው ጀርባውን ሰጠን። «የማን ምን እንደሆነ አላየሁም፣ አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። «አላዩም» አልነው። «ጥሩ። ማንም አያጉረመርምም። የደረሰው ደረሰው።» ያን ቃል በዚያ በር ላይ በሰማሁ ጊዜ፣ ለአፍታ ያህል እሱ ዘብ እኛ እስረኛ መሆናችን ተረስቶኝ ነበር።

«ለጋቢናው» አለና እጁን ከኮፍያው አወጣ። በጣቶቹ መሀል የተንጠለጠለው ክሩ ነበር።

ሁላችንም ወደ ተመራቂው ዞርን። ፖሊሱ ቀጠለ። ጋሼ መሀል ወንበር ደረሳቸው፤ መስኮቱ ሥር አይደለም፣ ነገር ግን ነፋሱ እዚያ ድረስ ይመጣል። ካቦው የኋላ ወንበር ወረደ። የመጨረሻ የወጣችው የጠመኔ ስባሪ ስለነበረች እኔ ከባልዲዬ አልተለየሁም። «ቲቸርን ፖርቶመጋላው ወዶታል» ተባለ፣ ተሳቀ።

ፍራሾች ተነሱ፣ ተዘዋወሩ። ተመራቂው ግን የራሱን ፍራሽ አቅፎ መስኮቱ ሥር እንደቆመ ቀረ። ሙሉ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ነው። ባዶውን ቦታ ያያል፣ ካቦውን ያያል፤ እንደገና ቦታውን፣ እንደገና ካቦውን። አልገባኝም ነበር። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ነገሩን የተረዳው ካቦው ነው።

«ምን ታየኛለህ?» አለው ካቦው ከኋላ ወንበር ሆኖ። «ግባ እንጂ። የራስህ ነው።»

ተመራቂው ፍራሹን ዘረጋ። ከጎኑ ባልዲ እንዳለ ሁሉ እግሩን አጥፎ ተኛ።

ጋሼ መሀል ወንበር ላይ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተከፍቷል። ትንፋሻቸውን ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ፤ ፉጨት አልነበረውም። ከመስኮቱ ማዶ ረዳቱ «አራት ኪሎ» ሲል «እንሄዳለን፣ ቆይ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሁለተኛው ዕጣ ሳይወጣ እኔ ተፈታሁ። ከዚያ በኋላ ቀጥሎ እንደሆነ አላውቅም። ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ጃኬቴ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ማንም አላነሳውም፣ በወንበሩም ላይ ማንም አልተቀመጠም። እንዳይቀመጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ዛሬም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። መጽሐፉ አምባገነን የሚነሳው በጦር ኃይል፣ በቅስቀሳ፣ በኑሮ ውድነት ነው ይላል፤ እኔም ይህን አስጽፋለሁ፣ ውሸት አይደለም። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ ሌላ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ከሁሉም በታች መሆንን የሚፈራ ሰው ምን ያደርጋል? ከእሱ በታች አንድ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል፤ ያንን ሰው የሚያስቀምጥለትን ደግሞ ይወዳል። ተማሪዎቼ ምሳሌ ስጠን ይሉኛል። የባልዲውን ታሪክ ገና አልነገርኳቸውም። ቤታቸው አባት ሲገባ ሬዲዮ ይጠፋ እንደሆነ ብቻ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አይገባቸውም።

የጋሼ መንደር ፈርሷል፤ የት እንደሄዱ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ተመራቂውን በአንድ የዜና ምስል ላይ ያየሁት መሰለኝ። አንድ ትልቅ ሰው መድረክ ላይ ሲናገሩ ከኋላቸው ከቆሙት መሀል ነበር፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን ከተናጋሪው ፊት ሳይነቅል። እሱ ላይሆንም ይችላል።

ካቦውን ግን በቅርቡ አገኘሁት። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ የታክሲ ሰልፉ ረዝሞ እኔ ጫፉ ላይ ቆሜአለሁ። ከሩቅ አየኝ። እየሮጠ መጥቶ ትከሻዬን ጨበጠ፣ ተሳሳምን። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ቲቸር፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ና፣ ጋቢና ባዶ ነው።»

«ተራዬን ልጠብቅ።»

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ያን አሳሳቁን ሳቀና «እሺ፣ እንደ ፋዘር መሆንህ ነው» ብሎ ወደ ሰልፉ ራስ ተመለሰ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ከባድ ዘንቢል ይዛ ቆማለች። ከእኔ በኋላ ናት፤ እኔ ብገባ ኖሮ ከእኔ በፊት የቆሙትን ሁሉ አንድ ሰው ይቀድማቸው ነበር። በጋቢናው ግብዣ የሚቆጣ ሰው ይኖራል ብዬ ዞር ስል የገጠመኝ የእሷ የአዘኔታ ፊት ነው።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ «ከተፈቀደልህ ምን አስጨነቀህ? ግባ እንጂ።»

ዘንቢሉን ተቀብያት ቆምኩ። ሰልፉ አንድ ሰው ያህል ወደፊት ተጠጋ።